ሞተሯን ያወረድንባት እሁድ

ባለፈው ወር ዓባይ ማዶ የምትኖር የጥንት የሥራ ጓደኛዬን ልጠይቅ በባጃጅ ስሄድ፣ ድልድዩን ተሻግረን ጥቂት እንዳለፍን መንገዱ ተጨናንቆ ቆምን። ከመንገዱ ዳር፣ ከአንዲት የቆርቆሮ ጋራዥ ደጃፍ፣ ሁለት ጎልማሶች የአሮጌ ጭነት መኪና ካምቢዮ፣ ያው የማርሽ ሳጥኑን፣ ፈታትተው ጥርሶቹን በናፍጣ ያጥባሉ። የወጣው ጥቁር ዘይት በሰፊ ቆርቆሮ ተጠራቅሟል። የካምቢዮ ዘይትን ሽታ የሚያውቀው ያውቀዋል። እንደ ሞተር ዘይት አይደለም፤ እንደ ቤንዚንም በንኖ አይጠፋም። ድኝና ያረረ ነጭ ሽንኩርት አንድ ላይ የተወቀጡ የሚመስል፣ ልብስ ላይ ካረፈ በአምስት እጥበት የማይለቅ ሽታ ነው። ምን እንዳደረግሁ ሳላውቅ ከባጃጁ ወርጄ ከጋራዡ ደጅ ቆሜ ተገኘሁ።

«እማማ፣ ምነው? አመመዎት እንዴ?» አለኝ ባለባጃጁ ከኋላዬ ደርሶ።

«አላመመኝም፣ ልጄ። ባሌ ሸተተኝ» አልሁት።

ሰውየው ይሳቅ ወይስ ይዘን ግራ ገባው። «እንግዲያ ይቁሙ፣ እጠብቅዎታለሁ» አለና ወደ ባጃጁ ተመለሰ። ደህና አሳዳጊ ያሳደገው ነው።

ባሌ ጌታሁን ከሞተ ስምንት ዓመት አለፈው። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጋራዥ ዕድሜውን የፈጀ መካኒክ ነበር፤ እኔም እዚያው ግቢ፣ ከፈትል ክፍል፣ ማሽን ፊት ቆሜ ነው ወጣትነቴን የጨረስሁት። የመጣሁት ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ያኔ ባሕር ዳር ገና ልጅ እግር ከተማ ነበረች። ዘንባባው ግራና ቀኝ ተሰልፎ በመሃሉ የሚነጉደው መኪና ሳይሆን ብስክሌት ነበር። የፋብሪካው ጡሩምባ በቀን ሦስት ጊዜ ሲነፋ የከተማው ሰው ሰዓቱን በእሱ ያስተካክላል። ፈረቃ ሲለወጥ ከበሩ የሚወጣው ሁሉ የጥጥ ብናኝ ጸጉሩ ላይ ስላረፈበት የሃያ ዓመቷም ልጅ ሽበታም ትመስላለች። ዛሬ መስታወት ፊት ስቆም ያ ብናኝ ሳይራገፍ የቀረ ይመስለኛል። ደመወዝ የተቀበልን ዕለት ጸጉራችንን አፍሮ አበጥረን፣ ጉልበት ላይ የሚቀር ቀሚስ ለብሰን፣ ወደ ሐይቁ ዳር እንወርዳለን። ወንዶቹ ከታች እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ ሱሪ ለብሰው መንገዱን ይጠርጉታል። በአንድ ብር ሁለት ሰው የማይጨርሰው አምባዛ ይገዛል። ከመንገዱ ጥግ ሸክላ የምታጫውት ሻይ ቤት ነበረች፤ ባለቤቷ አንዱን ዘፈን ከወደደ ቀኑን ሙሉ እሱኑ ሲመላልሰው ይውላል፤ እኛም ሳንወድ ሁሉንም በቃላችን ያዝነው። አሁን በዚያ ጥግ የስልክ ካርድና የስልክ ልባስ ይሸጥበታል። ባለፍሁ ቁጥር ጆሮዬ የሆነ ነገር ይጠብቃል።

ከጌታሁን ጋር የተዋወቅነው በብስክሌት ነው። የተከራየኋት ብስክሌት ሰንሰለቷ ከፋብሪካው በር ላይ ወለቀብኝና ቁጭ ብዬ ስታገል መጣ። እጁ ቦታውን ያውቃል፤ አንዴ ሳብ፣ አንዴ ዞር አድርጎ መለሳት። ከዚያ ዘይት የነካውን ጣቴን አይቶ «እጅሽ ትንሽ ነው፤ ለመካኒክ ይሆን ነበር» አለኝ። ለሴት ልጅ እንዲህ ያለ ሙገሳ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እሱም ከዚያ በፊት ተናግሮ እንደማያውቅ ቆይቶ ነገረኝ።

መኪናዋን የገዛናት ከተጋባን በሁለተኛው ዓመት ነው። ፊያት ነበረች፤ በዚያ ዘመን ሁሉም ሰው «ሚሌ ቼንቶ» የሚላት ዓይነት፣ የማለዳ ሐይቅ የመሰለች ሰማያዊ፣ የማርሽ ማስገቢያዋ ከመሪዋ ጎን የሆነ። አንድ የውጭ አገር መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ከማንጎ ዛፍ ሥር ጥሏት ዶሮ ሰፍሮባት ነበር። ግማሹን ጌታሁን ካጠራቀመው፣ ግማሹን እኔ ከደረሰኝ ዕቁብ አዋጥተን ወሰድናት፤ በሰው ጉልበት እየተገፋች ግቢያችን ገባች። አንድ ዓመት ሙሉ ከፈረቃ በኋላ ሠራት። እኔም አጠገቡ እየተቀመጥሁ የዕቃውን ስም ሁሉ ለመድሁ። ስትነሳ፣ ያ የመጀመሪያው ድምፅ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እልል አለ።

መንዳት ያስተማረኝ በሰባታሚት መንገድ ላይ ነው። ያኔ ባሕር ዳር ላይ መሪ የሚይዙ ሴቶች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አንድ ቀን በሬዎቹን እየነዱ የሚሄዱ ሽማግሌ መንገዱን ዘግተውብኝ ቆምሁ። ጠጋ ብለው በመስኮቱ አዩኝ።

«ልጄ፣ ሴት ነሽ ወይስ ዓይኔ ነው?»

«ሴት ነኝ፣ አባቴ።»

«እንግዲያስ ወደ ዳር ልበልልሽ» አሉና በሬዎቹን ከመንገድ አወጡልኝ። ጌታሁን ከጎኔ ተቀምጦ ሰባታሚት እስክንደርስ ሳቁን አላቆመም። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ኮርቼ ነበር። ልጅ ገና አልወለድንም፤ እናትና አባቴ ሩቅ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ የማሽን ጩኸት ጆሮዬን ሲደልቀው ይውላል። ያቺን መሪ ስይዝ ግን የምሄድበትን የማውቀው እኔ ነበርሁ። ከዚያ ቤንዚን በኩፖን የሚታደልበት ዘመን መጣ። በወር የሚደርሰን ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ የሚያንቀሳቅስ ነበር። ሌላውን ቀን መኪናዋ በሸራ ተሸፍና ትቆማለች፤ እኔም በየሳምንቱ ሸራውን ገልጬ እወለውላታለሁ።

ከዘጌ አንድ ወዳጅ ነበሩን፣ መሪጌታ አምሳሉ የሚባሉ፤ ከገዳማቱ ባንዱ ዜማ የሚያስተምሩ፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሰው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡናቸውንና ሎሚያቸውን ለገበያ ሲያመጡ ጆንያቸውን እኛ ቤት ያሳርፋሉ። ወዳጅነቱ የመጣው በጀልባ ነው። የዘጌ ገበሬዎች በማኅበራቸው ስም አንዲት አሮጌ የብረት ጀልባ ነበረቻቸው፤ በተበላሸች ቁጥር የሚጠግናት ጌታሁን ነበር። አንድ ክረምት ግን የሞተሯ ብረት ራሱ ተሰነጠቀ። እሱ ደግሞ አይጠገንም። አዲስ ሞተር ይመጣል ተባለ፤ ዓመት አለፈ፣ ሁለተኛው ተጀመረ። ሰዉ ወደ ደንገል ታንኳው ተመለሰ። ዘጌን ዛሬ ባንድ ሰዓት በጀልባ ሄዶ ለሚመለስ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ማስረዳት ይቸግራል። በታንኳ ንፋስ ካለ ቀኑን ሙሉ ነው፤ የየብሱም መንገድ በክረምት ጭቃው በቅሎ ይውጣል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የሌሊት ፈረቃ ሠርቼ ገብቼ ተኝቼ፣ ከሰዓት በኋላ ገና ስነሳ መሪጌታ ከግቢው በር ቆመዋል። እስከ ወገባቸው ረጥበዋል። ጥምጣማቸው የለም።

«ሙሉ፣ ጌታሁን አለ?»

«ፈረቃ ላይ ነው፣ መሪጌታ። ምነው? ምን ሆኑ?»

«የሺን ይዣት መጥቻለሁ። ምጥ ይዟት። ከንጋት ጀምሮ ውሃ ላይ ነን።»

የሺ ሴት ልጃቸው ናት፤ ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ሸራውን ገፍፌ መኪናዋን አስነሳሁና ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። ሁለት ታንኳ ጎን ለጎን አስረው፣ በመካከሉ አጎዛ አንጥፈው ነው ያመጧት። የባሏንና የወንድሟን መዳፍ ቀዘፋው ልጦታል። ከኋላ ወንበር አስተኛናት፤ አባቷ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። እንዴት እንደነዳሁ አላስታውስም። አንድ ነገር ብቻ አስታውሳለሁ፦ መሪጌታ አልጸለዩም። ያ ሁልጊዜ ከንፈሩ የማያርፍ ሰው መስኮት መስኮቱን ያይ ነበር።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ላይ ብዙ ቆየን። ሐኪሙ ሲወጣ ቆቡን አውልቆ እጁ ላይ ይዞ ነበር። «አባቴ፣ እናትየዋ ትድናለች» አለ። «ልጁ ግን አልሆነም። ጥቂት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ኖሮ...»

መሪጌታ ቀስ ብለው ተነሱ። «እኛማ ከንጋት ጀምሮ ስንመጣ ነበር፣ ልጄ» አሉት። ሐኪሙም አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

ይህን ለጌታሁን ነገርሁት። እሱ ዝም ሲል አሳቡ እጁ ላይ ነው፤ ሹካ ይዞ ያገላብጣል፣ ከኪሱ የቡሎን ዳዶ አውጥቶ ያሽከረክራል። ከሦስት ቀን በኋላ ከፈረቃ ስመለስ ከመኪናዋ ሥር እግሩ ብቻ ወጥቶ አየሁት። በሲባጎ ከካምቢዮዋ ጫፍ እስከ ሞተሯ አፍንጫ እየለካ ቋጠሮ ያስራል። ሞተሯ ጀልባዋ ላይ ትገባ እንደሆነ እየለካ መሆኑን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያሻም።

«ልታወርዳት ነው?» አልሁት።

ከሥሯ ሳይወጣ «ሞተሯንና ካምቢዮዋን ብቻ ነው» አለኝ። «ካምቢዮው ከነሞተሩ ከሄደ ጀልባዋ ወደ ኋላም ትሄዳለች። አካሏ እዚህ ይቆያል። ሞተር ሲገኝ...»

«ለማን ነግረህ ነው?»

«ለማንም። ለመሪጌታ ብቻ ነገርኋቸው፤ ልኩን ከጀልባዋ ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው።»

«እንግዲያ ያልነገርኸው ለእኔ ብቻ ነው።»

ያኔ ከሥሯ ወጣ። ፊቱ ላይ ጭቃ ነበረበት። እኔ የምለው ብዙ ነበርና አንዱንም ሳልናገር ገባሁ። ከዚያ ወዲያ ለአንድ ሳምንት ያህል ከ«እራት ቀርቧል» በስተቀር አልተነጋገርንም። እንደ ክፉ ሴት እንዳታዩኝ። የሺ ከዓይኔ አልጠፋችም፤ ልጁም። ግን በልቤ «ለምን የኛ?» እላለሁ። መንግሥት አለ፣ ማኅበር አለ፣ ባለሀብት የነበረ ሁሉ አለ። እኔ በዚህ ዓለም ላይ የራሴ የምለው አንድ ነገር ነው ያለኝ፤ እሱንም ባሌ ሳይጠይቀኝ በሲባጎ ለካው። ከመኪናዋ ይልቅ ያ ሲባጎ ነው ያቃጠለኝ።

የሺ በዐሥረኛው ቀን ከሆስፒታል ወጣች። ወደ ሐይቁ ዳር እንዳደርሳት መሪጌታ አልጠየቁኝም፤ እኔው ነኝ የሄድሁት። ከፊት ወንበር ከጎኔ ተቀመጠች። ደረቷን በነጠላ ጠፍራ አስራዋለች፤ ወተቱ መጥቶ የሚጠባው ሰው ስለሌለ ነው። ነጠላው በሁለት ቦታ ረጥቧል። እንዳላየ ሰው ወደ ፊት እያየሁ ነዳሁ።

«እትዬ ሙሉ» አለችኝ ከዘንባባዎቹ ስር ስንደርስ። «የዚያን ቀን መኪናዋ ውስጥ ሞቆኝ ነበር። ከሌላው ሁሉ እሱን ብቻ ነው የማስታውሰው።»

«በርቺ፣ የኔ እናት» ብቻ አልኋት።

ከዳር ስንደርስ ታንኳው ይጠብቃል። ባሏ ክንዷን ይዞ አስገባት። ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ስለነበር እግሯ እንደረገጠ ቀሚሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ራሰ። ቁና ሙሉ ሸክም እንደተሸከመ ሰው ጎንበስ ብላ ተቀመጠች፤ ቀዘፉ። ዘጌ ከዚያ ማዶ እንደ ጥቁር መስመር ይታያል። ቆሜ አየሁ፤ ደከመኝና መኪናዋ ላይ ተደግፌ አየሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜ ገና ሰውነታቸው ይለያል፤ ያን ያህል ነው የሚሄዱት። ዛሬ እዚያ ቦታ የድንጋይ መራመጃ ተነጥፎ፣ አበባ ተተክሎ፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል። ያማረ ቦታ ነው፤ እኔም ቅዳሜ ከሰዓት አልፎ አልፎ እሄዳለሁ። ግን ከዚያች ቦታ ስደርስ ወደ ዘጌ ሳላይ አላልፍም።

ቤት ስገባ ጌታሁን ሰዓቱ እየሄደበት ፈረቃ ሊገባ ሲጣደፍ አገኘሁት። «ፓራንኮ ከማን ነው የምትዋሰው?» አልሁት። ፓራንኮ ከባድ ዕቃ በሰንሰለት የሚያነሳ ነው። ቆሞ አየኝ፤ ቀስ ብሎ «ከጋራዡ አለቃ። እሁድ ይሰጠኛል» አለ። «እንግዲያ እሁድ ነው» አልሁና ልብሴን ልቀይር ገባሁ።

በሰንበት መሥራቱ ከብዶኝ ቅዳሜ ለመሪጌታ ነግሬያቸው ነበር። «ሙሉ፣ በጉ በሰንበት ጉድጓድ ቢገባ አታወጡትምን ያለው ጌታችን ነው» አሉኝ። «እኔም ሁለት ጉልበተኛ ይዤ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ።»

ጌታሁን ሦስት ወፍራም የውሃ ቱቦ ጫፋቸውን አስሮ ከመኪናዋ በላይ አቆመና ፓራንኮውን ሰቀለ። እኔ ከፈትል ክፍል ያመጣሁት የቀለም ክር ነበረኝ፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ። እሱ አንዱን ሽቦ በፈታ ቁጥር እኔ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ክር አስራለሁ፤ ጀልባዋ ላይ ሲገጥም የትኛው የትኛው እንደሆነ እንዲያውቅ። «ይህን ማን አስተማረሽ?» አለኝ። «ፈትል ተበጥሶ መቀጠል ሥራዬ አይደል?» አልሁት። ከሳምንት ወዲህ የመጀመሪያው ጨዋታችን ይኸው ነበር። ኮፈኗን ፈትተን ከአጥሩ ላይ አስደገፍነው። ውሃዋን ቀዳን፤ የሞተር ዘይቷን በባልዲ ተቀበልን። ራዲያተሩ ወጣ፤ የጭስ ማውጫው ከአንገቱ ተለየ። ከሥሯ ገብቶ ኃይሉን ወደ ኋላ እግሮች የሚወስደውን ዘንግ ለቀቀው፤ ከፍሪሲዮን ፔዳሉ የሚመጣውንም አላቀቀ። ካምቢዮውን ከሥር የያዘው ብረት ላይ ግን ከላይ በኩል አንዲት ቡሎን እምቢ አለች። እጁ አይገባም፤ በረጅም ቁልፍም ሞከረ፣ አይደርስም። ክንዱ እስኪደማ ታገለ። በመጨረሻ ወጣና እጄን አየ።

ከሥሯ ገባሁ። ከታች ሆኜ ያንን ሁሉ ነገር ሳይ፣ ለዓመታት የነዳኋት መኪና ሆዷ ይህን ይመስላል ለካ አልሁ። እጄን በብረቱ መካከል አሾልኬ ቁልፉን ቡሎኗ ላይ አስቀመጥሁ። «ወደ አንቺ» ይለኛል ከላይ። «ቀስ፤ አታባሪያት፤ እሷ ራሷ እስክትለቅ።» ከብዙ ጊዜ በኋላ «ቋ» የሚል ድምፅ አሰማችና ለቀቀች። ጣቴ ላይ ዝገት ረገፈብኝ። ጌታሁን የምስጋና ቃል አያውቅበትም፤ እጁን ዘርግቶ ከሥሯ ሲያወጣኝ ትንሽ ሳይለቀኝ ቆየ።

መሪጌታና ሁለቱ ሰዎች ደረሱ። አንዱ ሰንሰለቱን ይስባል፤ ጌታሁንና ሌላው ሰው ከፊት፣ መሪጌታ ጥምጣማቸውን አውልቀው በነጭ ልብሳቸው፣ እኔም ከጎናቸው፣ ከኋላ ሆነን ካምቢዮውን እንደግፋለን። ሰንሰለቱ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ሞተሩ ከተቀመጠበት ላስቲክ ተነሳ፤ አፍንጫው ወደ ላይ፣ የካምቢዮው ጭራ ወደ ታች ዘንበል አለ። የካምቢዮውን ዘይት መቅዳት ረስተን ነበር። ጭራው ሲዘቀዘቅ ያ ጥቁር፣ ወፍራም ዘይት ባንዴ ቀሚሴ ላይ ተዘረገፈ፤ ከደረቴ እስከ እግሬ። ሁሉም ደነገጠ። ብለቀው ይወድቃል፤ እንደያዝሁ ቆምሁ። መሪጌታ «ቅብዐ ቅዱስ በሆነልሽ፣ ልጄ» ሲሉኝ አፌን ዘግቼ የያዝሁት ሳቅ አመለጠኝ፤ ጌታሁንም ሳቀ፤ ሰንሰለት የሚስበው ሰውም። ሳቁ ሲያልቅ ሞተሯ በአየር ላይ ነበረች። ከመኪናዋ ላይ ክብደቱ ሲነሳ ፊቷ በሞላዎቹ ላይ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተነሳ፤ ቀና ያለች ይመስላል።

«ቀለላት» አለ ጌታሁን። እኔ ያኔ ነው ያለቀስሁት፤ ዘይቱ በእጄ ስላለ ዓይኔን መጥረግ አልቻልሁም።

በፈረስ ጋሪ ወደ ሐይቁ ወረደች። ከጀልባዋ ጋር ማስማማቱ ሁለት ወር ፈጀ፤ ማቀዝቀዣውን ከሐይቁ ውሃ እንዲስብ ማድረግ፣ ዘንጉን ውሃ ውስጥ ከሚሽከረከረው መቅዘፊያ ጋር ማገናኘት፣ ሁሉም በእሁድና በፈረቃ ትርፍ ጊዜ ነው። ቤንዚኑን ማኅበሩ ከራሱ ድርሻ አገኘ። የመጀመሪያው ቀን ጌታሁን አስነሳት። ከዳር ሆኜ ድምጿን ሰማሁ፤ ያው የራሷ ድምፅ፣ ስትሞቅ የምትጀምረው ያች ትንሽ ሳል ሳትቀር። ግን ከውሃ ላይ ስትመጣ ድምጿ ይሰፋል። አንድ አዝማሪ በዚያ ሰሞን ከገበያው አጠገብ እንዲህ ብሎ ነበር፦

መኪናም እንደ ሰው ልቧን ትሰጣለች፣
ገላዋ ከደጃፍ ነፍሷ ባሕር አለች።

ሰው እየጠራ ያሰማኝ ነበር። እኔ ግን ግጥሙን ብወደውም ከደጃፍ ያለችው ገላ ናት በየቀኑ የምታየኝ።

ሞተር ሲገኝ ይገባላታል ያልነው ሳይሆን ቀረ። የማይገኝበት ዘመን ነበር፤ ሲገኝ ደግሞ ሌላ ችግር ይቀድማል። መኪናዋ እዚያው ቆመች። ጎማዋ ተነፈሰ፣ ሰማያዊው ቀለም ነጣ። ልጃችን ተወልዳ እግር ስታወጣ መሪዋ ላይ ተቀምጣ «ዘጌ ነኝ፣ ጎንደር ነኝ» ትል ነበር። እኔ ለፈረቃ በእግሬ፣ እሱ በብስክሌት እንሄዳለን። ዝናብ ሲያገኘኝ፣ ጭቃ ሲይዘኝ፣ ያለ አንዳች ምክንያት ለጌታሁን ቁርስ ሳቀርብ ሳህኑን ጠንከር አድርጌ አስቀምጠው ነበር። እሱ ዓይኑን አንስቶ አያየኝም። ከስምንት ዓመት በላይ ጀልባዋ በዚያች ሞተር ሠራች፤ የሺ ከዚያ በኋላ ሦስት ልጅ ወልዳለች፤ ሦስቱንም ሐኪም ፊት። ሌሎችም ብዙዎች ተሻግረዋል። ሞተሯ ስታረጅ ማኅበሩ አዲስ አገኘ፤ ብረቷ በኪሎ ተሸጠ። አካሏንም ልጃችን ዩኒቨርሲቲ የገባች ዓመት የብረት ነጋዴ ወሰደው። ሲወስዳት እኔም ጌታሁንም ከቤት አልወጣንም።

ጌታሁን የታመመው ጡረታ ከወጣን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ሳንባው ነበር። የመጨረሻውን ወር ከሆስፒታል ተኛ፤ አልጋው ከመስኮቱ አጠገብ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ መሪጌታ በጣም አርጅተው፣ የሺ ክንዳቸውን ይዛ መጥተው ጠየቁት። ሲሄዱ መሪጌታ እጁን ይዘው በግዕዝ አንድ ነገር አሉት። ከሄዱ በኋላ ጌታሁን ያለ ምንም መግቢያ እንዲህ አለኝ፦

«ሙሉ፣ በዚያች መኪና ነገር ቅር ብሎሽ ያውቃል?»

ሊሞት ለተቃረበ ሰው እውነት መናገር አለብኝ ወይስ አይገባኝም ብዬ አሰብሁ። «አዎ» አልሁት። «አምስት ስድስት ዓመት ያህል። ክረምት ክረምት ይብስብኝ ነበር።»

ቀና ሊል ሞከረ። «እኔንም» አለ።

«አንተን?»

«እኔን። በብስክሌት ጭቃ ውስጥ በወደቅሁ ቁጥር። ጀልባዋ ስትመጣ ድምጿን እሰማና ደግሞ ያቺ መኪና አሁን ቢኖረኝ እላለሁ። አንቺ እንዳታውቂ ብዬ ነው እንጂ።»

እኔም እሱ እንዳያውቅ ብዬ ያን ሁሉ ዘመን ሳህን ስደልቅ ነበር። ተያየንና ሳቅ ያዘን። እሱ ሲስቅ ሳሉ ይነሳበታል፤ ሳሉ ሲበርድ ደግሞ ይስቃል። አንዲት ነርስ ምን ሆናችሁ ብላ መጣች፤ ምን ብለን እንንገራት።

ሲረጋጋ ትራሱን አስተካክዬለት አጠገቡ ተቀመጥሁ። «ደግሞ ያ ቀን ቢመለስ፣ የሺም በዚያው ታንኳ ብትመጣ፣ ታወርዳታለህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

ወደ መስኮቱ ዞረ። ከመስኮቱ ውጭ ሰው ያልፋል፤ የሚሸጥ ነገር የሚጠሩ ሴቶች ድምፅ ይሰማል።

«አወርዳታለሁ» አለኝ። «ግን አስቀድሜ አንቺን እጠይቃለሁ።»

ስጠብቃት የኖርሁት ቃል እሷ መሆኗን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። «እኔም እሺ እልህ ነበር» አልሁት። እጁን ብርድ ልብሱ ላይ አሳረፈና ዓይኑን ከደነ። ጀምበር እስክትጠልቅ እንደዚያው ቆየን።